ሌሊት የሚቆጥር ቆጣሪ

ባለፈው ታኅሣሥ፣ ገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከቤታችን ጀርባ ያለውን የሰርቪሱን ኩሽና ቀለም ልቀባ ገባሁ። ተከራያችን ከወጣች ወር አልፏታል። ምጣዷ ይቀመጥበት የነበረው ጥግ እንፋሎት ሲመታው ስለኖረ ከሌላው ግድግዳ ጠቆር ብሏል፤ እዚህም እዚያም የደረቀ ሊጥ ተለጥፎበታል። ሊጡን በቢላዋ ፍቄ በእርጥብ ጨርቅ ሳብሰው ከወዙ ሥር በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ብቅ አለ። አጠገቡ ሌላ ቁጥር። ከሥራቸው ሌላ ጥንድ። ጨርቁን ወደ ታች በሳብኩት መጠን ቁጥሩም ይቀጥላል።

ቁጥር አይቼ ማለፍ አልችልም፤ ሃያ ዓመት እንጀራዬን የበላሁት ሒሳብ ክፍል ተቀምጬ የሰው መዝገብ በማመሳከር ነው። የቀለሙን ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩበትና ማንበብ ጀመርኩ። ቀለም መቀባቱ በዚያ ቀን ቀረ። በዚያ ሳምንትም አልተቀባም።

ግማሽ በግማሽ

አንድ ቆጣሪ ለሁለት ቤተሰብ በሆነበት ግቢ የኖረ ሰው ቀጥሎ የምለውን ሳልነግረው ያውቀዋል። ወሩ ሲያልቅ ሒሳቡ ይመጣል፤ ባለቤቱ ስልኩን ወይም ወረቀቱን ይዞ በረንዳ ላይ ይቆማል፤ ተከራይ ይጠራል። ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር በሁሉም ግቢ አንድ ነው።

በእኛ ግቢ፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር፣ ተከራያችን እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ ትጋግራለች፤ እኛ ስንነቃ እሷ ጨርሳ፣ አክንባሎውን ምጣዱ ላይ ደፍታ፣ እንጀራውን ልታደርስ ባጃጅ እየጠበቀች ነው። ከመብራቱ ሒሳብ ሩቡን ትከፍል ነበር፤ በቃል የተስማማነው እንደዚያ ነው። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ሒሳቡ በድንገት አሻቀበ። ሰኔ ላይ ደገመ። የውሃውም ተከተለ።

ጥፋተኛውን ለማግኘት ምርመራ አላስፈለገኝም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ ባለ 10 ዋት አምፖል ቢሆን 350 አምፖል በአንድ ጊዜ እንደበራ ቁጠሩት። በዚያ ላይ ሊጥ ይቦካል፣ ባልዲ ይታጠባል፣ ውሃ ይደፋል። በግቢው ውስጥ እሳትና ውሃ የሚያበዛው ማን እንደሆነ ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። ጠራኋት።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የምጋግረው ያው እንደ ድሮዬ ነው፤ አልጨመርኩም» አለችኝ። «ምጣዴ በአንድ ውሎ ከ10 አይበልጥም።»

«10 ምን?»

«ቆጣሪው 10 ነው የሚቆጥርብኝ። አይቼዋለሁ።»

«ቁጥሩን ለእኔ ተዪው» አልኳት።

እንዲህ ነው ያልኳት። ስቄ ነው ደግሞ። እሷ እርስዎ እያለችኝ እኔ አንቺ እላት እንደነበር ያስተዋልኩት ይህን ስጽፍ ነው፤ በዕድሜ ብዙም አንበላለጥም። ከሰኔ ጀምሮ ሒሳቡ ግማሽ በግማሽ ሆነ። አምስት ወር ሳታጓድል ከፈለች። ጥቅምት ሲያልቅ ርካሽ ቤት አገኘሁ ብላ ወጣች። ጭቅጭቅ አልነበረም፤ ቁልፉን በሁለት እጇ ሰጥታኝ፣ ባለቤቴን አቅፋ ስማ፣ ምጣዷን ራሷ ጋሪ ላይ ጭና ሄደች። በጋሪው ላይ መጨረሻ የተጫነውና መጀመሪያ እንዲወርድ የታዘዘው ምጣዱ ነበር።

እሷ ከወጣች በኋላ የመጀመሪያው ሒሳብ እስኪመጣ በጉጉት ጠበቅኩ ብል አላጋነንኩም። በግማሽ ይቀንሳል ብዬ ለባለቤቴ ተናግሬያለሁ። ከ620 ኪሎ ዋት ሰዓት ወደ 490 ወረደ። የቀነሰው ከአምስተኛ እምብዛም አይበልጥም። የውሃው ደግሞ የወረደው ትንሽ ነው። የዚያን ዕለት ማታ አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ፤ ግን ምን እንደሆነ ለማወቅ አልፈለግኩም። ኩሽናውን ቀለም ልቀባ የተነሣሁት ምናልባት ለዚያ ይሆናል።

ከምጣዱ ጀርባ

ግድግዳው ላይ ሁለት ዓምድ ነበር። በግራ ሲጀመር፣ በቀኝ ሲያልቅ። ከፊታቸው በአንድ ፊደል «ሰ»፣ «ረ»፣ «ዓ»። 38412፣ 38422። 38454፣ 38463። ልዩነቱን በጎን ጽፋዋለች፦ 10፣ 9፣ 10፣ 10፣ 11፣ 10። ቆጣሪው ያለው ከዋናው ቤት ጎን ካለው ግድግዳ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በእጅ ስልኳ መብራት ሄዳ አይታ፣ ተመልሳ ጽፋ፣ ጋግራ ስትጨርስ እንደገና ሄዳ አይታለች ማለት ነው። ለምን በዚያ ሰዓት እንደምትጋግር ሁልጊዜ ለምግብ ቤቶቹ ስትል ይመስለኝ ነበር። አንደኛው ምክንያት እሱ ነው። ሁለተኛው ግን እኛ ተኝተን ሳለ ቆጣሪው ላይ የሚታየው የእሷ ብቻ እንዲሆን ነው። እኔ በሥራ ቦታዬ ይህን ለወጣት ሠራተኞች አስተምራለሁ፤ ሁለት ወጪ እንዳይደባለቅ ሌላው ፀጥ ያለበትን ጊዜ ምረጡ እላለሁ።

አንድ ነገር መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። በአንዳንድ ቀን ከቁጥሩ ጎን ትንሽ ክብ ተሥላለች። ክቡ ምን እንደሆነ የነገረችኝ የአሥር ዓመት ልጄ ናት። «እንጎቻ የሰጠችን ቀን ነው» አለች፤ ለእሷ ግልጽ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የምጣዱ ሸክላ ከሥሩ ቦይ ወጥቶለት ሽቦው የሚዘረጋው በዚያ ውስጥ ነው፤ ሽቦው የሚያሞቀው ሊጡን ሳይሆን ሸክላውን ነው። ሸክላ ደግሞ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ዳተኛ ነው። ስለዚህ ብልህ ጋጋሪ ሁለት ወይም ሦስት እንጀራ ሲቀራት ማጥፊያውን ታጠፋለች፤ የቀረው በያዘው ሙቀት ይበስላል። ተከራያችን ከዚያም አልፋ፣ ካጠፋች በኋላ የተረፈውን ሊጥ እንጎቻ አድርጋ ለልጆች ትጋግርበታለች። ለሁለቱ ልጆቿና ለሁለቱ ልጆቼ። ቆጣሪው የማይቆጥረው እንጎቻ ነው። እኔ በረንዳ ላይ ስለ ምጣዷ ሳጉረመርም ልጆቼ ከምጣዷ ይበሉ ነበር።

ሦስት ቀን በሳምንት፣ በወር 13 ቀን፣ 10 በቀን፤ 130 ኪሎ ዋት ሰዓት። ከ620 ላይ አምስተኛ ገደማ። ያስከፈልኳት ግማሹን ነው። ያን ስደምር እስክሪብቶ አላስፈለገኝም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የመጨረሻው መስመር ነው። ከሌሎቹ ራቅ ብሎ፣ ከታች፣ ምጣዱ እግር ሥር ሊባል በሚችል ቦታ ተጽፏል። የመጋገሪያ ቀን አይደለም። «ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት፣ 38687። እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት፣ 38691።» በጎን 4። ከ4ቱ ቀጥሎ አንድ ቃል ብቻ፦

«ማን?»

ድመቷ ታውቅ ነበር

ያን ዕለት ማታ ሰው ሁሉ እስኪተኛ ጠበቅኩ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሲሆን ማቀዝቀዣውን ነቀልኩ፣ ቴሌቪዥኑን ነቀልኩ፣ የስልክ ቻርጀሮችን ሁሉ ሰበሰብኩ፣ የውጭውን አምፖል አጠፋሁ። ባለቤቴ ከአልጋዋ ሆና «ምን ጠፍቶህ ነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ነጠላዋን ወስጄ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩና ወጣሁ። የባሕር ዳር ሙቀት ቀን ቀን እንጂ በታኅሣሥ ሌሊት የሚነፍሰው ነፋስ አጥንት ውስጥ ይገባል።

ቆጣሪያችን የድሮው ዓይነት ነው፤ ከመስታወቱ በስተጀርባ ጠርዙ ላይ ቀይ ምልክት ያለበት የብረት ዲስክ ይሽከረከራል። ፊቱ ላይ 240 ዙር አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት መሆኑ ተጽፏል። ከዚህ የሚወጣው ሒሳብ ቀላል ነው፦ ቀዩ ምልክት ዞሮ እስኪመለስ የፈጀውን ሰከንድ ይዞ 15ን ለእሱ ማካፈል፤ የሚገኘው በዚያች ቅጽበት ቤቱ የሚስበው ኪሎ ዋት ነው። አዲሶቹ ቆጣሪዎች ዲስክ የላቸውም፤ በምትኩ ቀይ መብራት ብልጭ ይላል፣ ስንት ብልጭታ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሆነም እዚያው ላይ ይጻፋል። ሃያ ዓመት ሒሳብ ሠርቼ የቤቴን ቆጣሪ ፊት ያነበብኩት ያኔ ነው።

ዲስኩ ቆሟል። ዝም። በባትሪ እያበራሁ አምስት ደቂቃ አፈጠጥኩበት፤ ንቅንቅ አላለም። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። እንግዲያው ማንም የለም፤ ሴትዮዋ ተሳስታለች፤ ያን ዕለት ማቀዝቀዣው ይሆናል አልኩ። ግን እግሬ አልሄድ አለኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዳለፈ፣ ልነሣ ስል፣ ቀዩ ምልክት ከግራ ብቅ አለ። ከዚያ ተመልሶ መጣ። 10 ሰከንድ። 15 ሲካፈል ለ10፤ 1.5 ኪሎ ዋት። ሁሉም ተነቅሎ፣ ሁሉም ተኝቶ።

ወደ ቤት ገብቼ በጨለማው ኮሪደር ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ከመታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ሥር ሽ... የሚል ድምፅ ይሰማል። ቦይለሩ። ረስቼዋለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳይጠፋ የኖረ ዕቃ ዕቃ መሆኑ ይቀራል፤ የቤቱ አካል ይሆናል። አጠፋሁት፣ ወጥቼ አየሁ፤ ዲስኩ ቆሟል። ነገር ግን ይህ መልስ አይደለም። ቦይለር ፔርሙስ እንደማለት ነው፤ አንዴ ካሞቀ ሙቀቱን ይይዛል እንጂ ማንም ሳይነካው በየግማሽ ሰዓቱ አይነሣም። የሚነሣው ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባበት ነው። ቀዝቃዛ የሚገባው ደግሞ ሙቁ ሲወጣ ነው። ታዲያ ሙቁ ውሃ በዚህ ሌሊት ወዴት ይወጣል?

ወደ ውሃ ቆጣሪው ሄድኩ። ያን ሌሊት ውሃ መጥቶ ነበር፤ ሮቶው ሞልቷል። ቧንቧ ሁሉ ዝግ ነው። በውሃ ቆጣሪው ፊት ላይ አንዲት ትንሽ ቀይ ባለጥርስ ጎማ አለች፤ ለጠብታ እንኳ የምትንቀሳቀስ። ትሄዳለች። በጣም በቀስታ፣ እንደ ሰነፍ ሰው፣ ግን ትሄዳለች። ተመልሼ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ቧንቧ ዘጋሁት፤ ጎማዋ ቆመች። ከፈትኩት፤ ሄደች። እንግዲህ ነገሩ ከሙቁ መስመር አላለፈም። መስመሩ ከመታጠቢያ ቤት ተነሥቶ በኮሪደሩ ወለል ሥር አድርጎ ወደ ኩሽናው ዕቃ ማጠቢያ ይሄዳል።

በባዶ እግሬ ኮሪደሩን ስሻገር ድመቷን ረገጥኳት። ጮኻ ሸሸች። እግሬ ግን ድመቷ ከተኛችበት ቦታ ላይ ቀረ። ወለሉ ለብ ብሏል። የሊሾው ሲሚንቶ በታኅሣሥ ሌሊት እንደ ጡት ሙቀት ለብ ብሏል። ተንበርክኬ በመዳፌ ዳሰስኩት፤ አንድ ክንድ ወደዚህ ቀዝቃዛ፣ አንድ ክንድ ወደዚያ ቀዝቃዛ፣ መካከሉ ላይ ሙቅ። ድመታችን ፍራሽ ተዘርግቶላት እዚያ ባዶ ወለል ላይ መተኛት ከጀመረች ወራት ሆኗታል። ልጆቹ ሞኝ ድመት እያሉ ይስቁባት ነበር።

ቆጣሪውን በሰዓት ይዤ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ተቀመጥኩ። በአንድ ሰዓት 9 ሊትር። በቀን 216 ሊትር። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ከ22 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 44 ገደማ። በ216 ሲባዛ 9.5 ኪሎ ዋት ሰዓት በቀን። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየሁት። ከተከራያችን የአንድ ቀን ምጣድ ጋር ሊተካከል ጥቂት ነው የቀረው። እሷ በሳምንት ሦስት ቀን ስትጋግር የእኛ ወለል በሳምንት ሰባት ቀን ይጋግር ነበር፤ ለመሬት። እሷ ከጻፈችው 10 ላይ እንኳ አንዱ የእኛ ቦይለር በጎን የቆጠረው ሳይሆን አይቀርም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲባል የሰማሁት በልጅነቴ ነው፤ ሁልጊዜ ስለ ሴት ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

የተረፈው ሥራ

ወለሉን የሰበርኩት በራሴ እጅ ነው። መሮና መዶሻ፣ ሁለት ቅዳሜ። የድሮው የብረት ቧንቧ መታጠፊያው ላይ ዝጎ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አውጥቷል፤ ውሃው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ስለሚሰርግ ወለሉ አልረጠበም። በቧንቧ ሠራተኛ ፒፒአር የሚባለውን አዲስ የፕላስቲክ ቧንቧ አስበየድኩ፤ በወለል ሥር ሳይሆን በግድግዳው ላይ በግልጽ፣ በስፖንጅ ተሸፍኖ። ባለቤቴ ቤቱን አስቀያሚ አደረገው አለች። ልክ ናት። ከእንግዲህ ግን የማላየው ቧንቧ ቤቴ ውስጥ እንዲኖር አልፈልግም። የቦይለሩን የውስጥ ሽቦ አልነካሁም፤ ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ዕቃ ውስጥ ሲገናኙ የጀማሪ ድፍረት ዋጋው ይከብዳል፤ ለባለሙያ ተውኩት። እኔ የቀየርኩት ልማዱን ብቻ ነው፦ ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል ይበራል፣ ከዚያ ይጠፋል።

ከዚያ በኋላ ትንሽ ማበዴ አልቀረም። በመጸዳጃው ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የቀይ ሥር ጭማቂ ጨምሬ ሳይለቀቅ ሳህኑ እንደሚቀላ አየሁ፤ ከሥር ያለው ጎማ አልቋል፤ በትንሽ ብር ተቀየረ። ከሣጥኔ ውስጥም አንድ የማሳፍር ዕቃ አወጣሁ፤ ሐምሌ ላይ፣ ተከራያችንን ግማሽ እያስከፈልኩ ሳለሁ፣ ሶኬት ላይ ሲሰካ ሒሳብ ይቀንሳል የተባለ «ኃይል ቆጣቢ» ገዝቼ ነበር። ሰክቼው የዲስኩን ዙር በሰከንድ ለካሁት፣ ነቅዬ ለካሁት። ያው ነው። የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው በትክክል የተበላውን ኃይል ነው፤ እንዲህ ያለ ሣጥን አረንጓዴ መብራቱን ከማብራት በቀር የሚሠራው ሥራ የለም። ገዝታችሁ ከሆነ በሰዓት ለኩት፤ እኔን አትመኑ።

አሸንዳውንም አደስኩት። በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ቢዘንብ አንድ ሊትር ነው፤ የባሕር ዳርን ክረምት ለሚያውቅ ቀሪውን ማባዛት አያቅተውም። ጣናን በር ላይ አስቀምጦ በጀሪካን ውሃ መጠበቅ ለለመደ ከተማ፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ለእኛ ይመስላል።

ጎረቤቴ አሸንዳው ላይ ተንጠልጥዬ ሲያየኝ «ግድቡ አልቆ ሳለ ምን ቆጠባ ነው የያዝክ?» ብሎ ሳቀብኝ። መልስ አልሰጠሁትም፤ ግን አሰብኩበት። የዚህ ከተማ መብራት ከውሃ ጋር ያለው ዝምድና የቆየ ነው። በ1950ዎቹ ከፏፏቴው አጠገብ የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሲሠራ ጀምሮ መብራታችን ከዓባይ ውሃ ይቀዳ ነበር፤ በልጅነቴ ከሩቅ ጢሱ የሚታየው ፏፏቴ ለተርባይን ውሃውን ሰጥቶ በበጋ ሲሳሳ ያየነው እኛው ነን። በ2002 ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ፤ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ሸለቆ እየጣለ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። አሁን መስመሩ ሁሉ ተገናኝቷል፤ ሽምብጥ የሚበራው አምፖል ከየትኛው ተርባይን እንደመጣ የሚለይ የለም። ግን ከውሃ መምጣቱ አይቀርም። ውሃ ከከፍታ ወድቆ፣ ኃይል ሆኖ፣ በሽቦ ተጉዞ፣ እኔ ቤት ሌላ ውሃ አሙቆ፣ በመርፌ ቀዳዳ ወርዶ ድመት ያሞቅ ነበር። ይህ ነገር በሜጋ ዋት የሚፈታ አይደለም።

የጥር ሒሳብ ሲመጣ 190 ኪሎ ዋት ሰዓት ይላል። ታሪፉ በእርከን ስለሆነ ብሩ ከዚያም በላይ ወረደ። ለባለቤቴ አሳየኋት። አየችው፣ አየችኝ፣ «ታዲያ የእሷስ?» አለች።

ከድልድዩ ማዶ

የካቲት በገባ በመጀመሪያው ዓርብ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሬ ሄድኩ። ቀኑንና ሰዓቱን የመረጥኩት አውቄ ነው። በኪሴ አንድ ፖስታ አለ፤ ውስጡ ገንዘብና አንድ ገጽ ሒሳብ። ሒሳቡን በሥራ ቤት እንደምናደርገው በሠንጠረዥ ሠርቼዋለሁ፦ የየወሩ ጠቅላላ፣ የእሷ ድርሻ፣ የከፈለችው፣ ልዩነቱ። ውሃውንም ጨምሬ።

እየጋገረች አገኘኋት። ስታየኝ ደነገጠች፤ ባለ ዕዳ የመሰለችው እሷ ናት። ዱካ ሰጥታኝ ሊጡን ከዳር ወደ መሐል እያዞረች አፈሰሰች፣ አክንባሎውን ደፋች፣ እጇን ጠረገች፣ ከዚያ ወረቀቱን ተቀበለች። ሌላ እንጀራ እስኪወጣ አነበበችው። ሌላም አሰፋች። ሦስተኛውን ስታወጣ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ መስከረም ላይ ይበዛል።»

«እንዴት?»

«ለመስቀል ትእዛዝ ነበረኝ። አራት ቀን ተጨማሪ ጋግሬያለሁ። እርሳሱ ጠፍቶብኝ አልጻፍኩትም እንጂ።» ከፖስታው 200 ብር ቆጥራ አውጥታ መሶቡ ክዳን ላይ አስቀመጠች። አልወስድም አልኩ። ውሰዱ፣ አልወስድም ተባባልን። አሁንም እዚያው መሶቡ ላይ ይመስለኛል።

ልጠይቃት የሄድኩት አንድ ነገር ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ሳዘጋጀው የመጣሁት። «ያ ግድግዳው ላይ... የመጨረሻው... ማን ብለው የጻፉት» አልኩ፤ እርስዎ ማለቴ ለጆሮዬም ገረመኝ፤ እሷም ሰምታዋለች። «ሌሊት የሚቆጥር ነገር እንዳለ ካወቁ ለምን አልነገሩኝም?»

«ነግሬዎት ነበር እኮ» አለች። ክፋት የለበትም። ሊጡን እያማሰለች ነው የተናገረችው።

ዝም ብዬ የምጣዱን ጭስ አየሁ። ሦስት እንጀራ የሚሆን ሊጥ ሲቀራት ማጥፊያውን ቀጭ አደረገችና ወጥታ ተመለሰች። ከምጣዱ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ፣ እንደ እኛው ቤት፣ ሁለት ዓምድ ቁጥር አለ። ግን እዚህ ሦስተኛ ዓምድ ተጨምሯል፤ በየመስመሩ መጨረሻ ፊርማ። ያከራይዋ ሴትዮ ፊርማ ነው፤ ቤቱን ስትከራይ ያስገባችው ውል እሱ ብቻ ነው አለችኝ። አዲሱን ቁጥር ጻፈች፣ ልዩነቱን አወጣች፤ 9። ከዚያ በሩን ዞር ብላ አየች።

«እትዬ ዛሬ ለቅሶ ሄደዋል» አለችና እርሳሱን ዘረጋችልኝ። «ካላስቸገርኩዎት ጋሼ፣ እርስዎ ይፈርሙልኝ።»

ወጥቼ ቆጣሪውን አየሁ። ተመልሼ ፈረምኩ።